ድንኳኑ ቢከለከል እንኳ ሐዘንተኛው ብቻውን አይቅር

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ። በሰፈራችን የእድር ጸሐፊ ሆኜ ማገልገል ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። የወር መዋጮ እመዘግባለሁ፣ ሰው ሲሞት ለጥሩንባ ነፊው እነግራለሁ፣ ለቅሶ የደረሰውንና የቀረውን ስም እይዛለሁ። የቀረ ይቀጣል። የእኛ ብቻ አይደለም፣ የብዙ እድር ደንብ ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት መዝገቡን ገልብጬ የያዝኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ለቅሶ የመጣ ሰው አጥፊ ነበር፣ ቤቱ የቀረ ደግሞ ደንብ አክባሪ። ስለዚያ ጊዜ ልጽፍላችሁ ነው። ከዚያም በላይ የሚያሳስበኝ ግን ገና የሚመጣው ነው፤ ወረርሽኝ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣልና።

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ። ወሩ ሳያልቅ በሽታው እኛም ጋ ደረሰና ባሕር ዳር ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ተገደበባት። መጋቢት 30 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እጅ መጨባበጥ ሳይቀር ተከለከለ። ያኔ ከተማዋን ያየ ሰው አይረሳትም። በዘንባባዎቹ ሥር የሚንሸራሸር የለም። ወደ ዘጌ የሚያመላልሱት ጀልባዎች ዳር ታስረው ይውላሉ። ፋሲካን ብዙዎቻችን ቤታችን ሆነን በቴሌቪዥን ነው ያስቀደስነው። ይህን የምለው ክልከላውን ለመውቀስ አይደለም። በሽታው በትንፋሽ የሚተላለፍ ነው፣ ሰው መራራቅ ነበረበት። እኔም ተራራቁ ብዬ ቤት ለቤት ከለፈፉት አንዱ ነኝ።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ አንዲት ጎረቤታችን ባሏ ሞተባት። ኮሮና አልነበረም፣ የቆየ የልብ ሕመም ነበረበት። ጥሩንባ አልተነፋም። ድንኳን አልተጣለም። አባላቱን አንድ በአንድ እየደወልኩ «እባካችሁ አትምጡ» አልኩ። እንዲህ ብዬ በሕይወቴ ስልክ ደውዬ አላውቅም። ሁለቱ ልጆቿ መድረስ አልቻሉም። ሬሳው በጠዋት ወጣ፣ ጥቂት ወንዶች ሸኙት፣ አለቀ። ሰዉ በበሯ ሲያልፍ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። እሷ ደጃፏ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች። በሰባተኛው ቀን ደወልኩላትና «እትዬ፣ እንዴት ነዎት?» አልኳት። ጥቂት ዝም አለችና «ጋሼ፣ አልቅሼ አልወጣልኝም» አለችኝ።

ሌላ ምንም አላለችም። እኔም የምለው ጠፋኝ፣ «አይዞዎት፣ ይጠንክሩ» ብዬ ዘጋሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዓመት ሊሞላ ሲል እንኳ ሴትዮዋ ከቤት አትወጣም ነበር። ጣና ዳር ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ ሳትሳለም ሰንበት የማያልፋት ሰው ደጁን ረስታው ቀረች። ቡና ማፍላት ተወች። ሌሊት አትተኛም፣ ቀን ትፈዛለች። ጎረቤቱ ሁሉ ያገኛት ጊዜ የሚላት እኔ ያልኳትን ነው። «ጠንክሪ እንጂ! ልጆችሽን አስቢ!» ሰው በክፋት አይደለም እንዲህ የሚለው፣ የሚለው ስለሚያጣ ነው። ግን እስቲ አስቡት፣ ወገቡ ለተሰበረ ሰው ቀጥ ብለህ ቁም እንደማለት ነው።

አሁን አሁን በሬዲዮውም በስብሰባውም «ሥነ ልቦናዊ ጽናት» የሚባል ነገር አዘውትሬ እሰማለሁ። ብዙ ጊዜ ሲነገር አንድ ሰው ብቻውን ውስጡን እንደ ብረት እንዲያጠነክር የታዘዘ ያስመስለዋል። የእኛ ቋንቋ ግን እንዲህ አይልም። ሐዘን ቤት ስንገባ «ጽኚ» አንልም፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ነው የምንለው። ማጽናናት፣ መጽናናት፣ መጽናት ሥረ ቃላቸው አንድ ነው። የሚያጽናና ሲኖር ነው ሰው የሚጸናው። ይህን ያወቁት አባቶቻችን ናቸው፣ ለቅሶን ግዴታ አድርገው የቀረውን የሚቀጡትም በከንቱ አልነበረም። ወረርሽኝ ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚነጥቀን ይህንኑ ነው። በጣም በምንፈላለግበት ሰዓት እንዳንገናኝ ያደርገናል።

ጥናቱም ከዚህ አይርቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፣ በኮሮናው የመጀመሪያ ዓመት በዓለም ላይ የጭንቀትና የድብርት ሕመም 25 በመቶ መጨመሩን ገልጿል። ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ የጠቀሰው ሰው ከሰው መነጠሉን ነው። ሌላም ልጨምር። ሃዋይ ውስጥ ካዋይ የምትባል ደሴት አለች። ኤሚ ቨርነር የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 እዚያ የተወለዱ 698 ሕፃናትን እስከ 40 ዓመታቸው ተከታትላለች። ከእነሱ መካከል በድህነት፣ በቤተሰብ ጠብና በወላጅ ሕመም ውስጥ ያደጉ ነበሩ። ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ግን ደህና፣ ሠርቶ አዳሪ፣ ለሰው የሚያዝን ሰው ሆኖ አደገ። እነዚህን ከሌሎቹ የለያቸው ምንድን ነው ተብሎ ሲታይ ደጋግሞ የተገኘው ነገር ቢያንስ አንድ የቅርብ ሰው መኖሩ ነው። አያት ሊሆን ይችላል፣ አክስት ወይም መምህር ወይም ጎረቤት። አንድ ሰው። እኔ ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ያቺ ጎረቤቴ ናት፣ የዚያን ሰሞን አንድ ሰው እንኳ አጠገቧ አልተቀመጠም።

ለመሆኑ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ምን ያድርግ? ይህ ቀላል ይመስላል፣ ሲደርስ ግን ይጨንቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያኑ በ2011 ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያ አለ። ሐኪም ላልሆነ ሰው የተጻፈ ነው። ነገሩን በሦስት ቃል ያስቀምጠዋል፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። መጀመሪያ አይተህ አደጋ ላይ ያለው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደጎደለው ትለያለህ። ከዚያ ትሰማዋለህ፤ ታዲያ ሰውየውን «ምን ሆነህ ነው? እንዴት ሞተ? ንገረኝ» እያሉ ማውጣጣት ክልክል ነው፣ ሲፈልግ ይናገር፣ ካልፈለገ ዝም ይበል። በመጨረሻ ከሚያስፈልገው ነገርና ከሚረዳው ሰው ጋር ታገናኘዋለህ። ውኃ ከሆነ ውኃ፣ ዘመድ ከሆነ ዘመድ፣ ሐኪም ከሆነ ሐኪም።

ይህን ሳነብ ለቅሶ ቤታችን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ሰው ይገባል፣ ያጎነብሳል፣ ይቀመጣል። የሚጠይቅ የለም። ሐዘንተኛው ሲያለቅስ አብሮ ይለቀሳል፣ ዝም ሲል አብሮ ዝም ይባላል። አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፣ ሰው ሊለው ያቃተውን እሷ ትልለታለች። እዝን ይመጣል፣ ሐዘንተኛ ምግብ አያበስልም። ማታ የሚያድር አይጠፋም። በሰልስቱ፣ በአርባው እንደገና ይጎበኛል። ለቅሶ አቆጣጠሩ ራሱ ሕክምና ነው፣ ሰውየው ስንተኛው ቀን ላይ እንደሚደክም የሚያውቅ ሰው ነው የሠራው። የቀረው ነገር በሽታ ሲመጣ እንዴት እንደምንጠብቀው ማሰብ ነው፣ እሱን ግን ቀድመን አላሰብንበትም።

እኛም ዘግይተን ነው ያሰብንበት። በ2013 ዓ.ም. ግንቦት፣ የሰውየው ሙት ዓመት ሲቃረብ፣ በእድሩ ኮሚቴ ተሰብስበን በዚያ ጊዜ ወግ ያለው ለቅሶ ሳያገኙ የቀበሩትን ቤቶች ቆጠርን። ስድስት ሆኑ። አንዲት እናት ልጇን፣ አንዱ ሚስቱን፣ ሌላዋ አባቷን፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ስድስት። ለሁሉም በአንድ ቀን ለቅሶ እንድረስ ተባለ። ኮሮናው ገና አልለቀቀም ነበር፣ ስለዚህ ግድግዳ የሌለው ዳስ በሜዳው ላይ ተጣለ፣ ወንበሩ ተራርቆ ተደረደረ፣ ሁሉም አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ በየተራ እየገባ ተቀመጠ። ምግብ አልቀረበም። ጥሩንባው ግን ተነፋ። በዓመቱ የስድስቱ ሟቾች ስም አንድ በአንድ ተጠራ።

ያቺ ጎረቤታችን በልጆቿ ተደግፋ መጣች። የባሏ ስም ሲጠራ የጮኸችው ጩኸት እስከ አስፋልቱ ድረስ ተሰምቷል። አንድ ሰዓት አለቀሰች። ማንም ዝም በይ አላላትም። ከዚያ ፊቷን ታጠበችና ውኃ ጠጣች፣ ወደ እኔ ዞር ብላ «አሁን ቀበርኩት» አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቡናዋ ሲሸት ሰማሁ፣ እመኑኝ፣ በበሯ ሳልፍ ቆሜ ቀረሁ።

ሁሉም እንደ እሷ አልሆነም፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከስድስቱ አንዷ ለቅሶውም አልረዳትም። አትበላም፣ አትተኛም፣ «ምነው በወሰደኝ» ትላለች። እዚህ ላይ የእድር አቅም ያልቃል። ከሁለት ሳምንት በላይ እንዲህ ከሆነ፣ ሰውየው ሥራውን መሥራት ካቃተው፣ በተለይ ደግሞ ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ነው። ባሕር ዳር ውስጥ በፈለገ ሕይወትም በጥበበ ግዮንም ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ይህችን እህት ሴት ልጇ ነበረች ይዛት የሄደችው፣ መድኃኒት ጀመረች፣ ጸበሏንም አልተወችም። ሁለቱን አብሮ መያዝ ይቻላል። መድኃኒቱን አቁሚ የሚል ሰው ሲመጣ ግን ዝም አትበሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ።

ከኮሮና ወዲህም እፎይ አላልንም። ስለ ሰላም እጦቱ ብዙ ተጽፏል፣ እኔ በዚህ ደብዳቤ ወደዚያ አልገባም። በበሽታ በኩል ብቻ ያየነውን ላንሳ።

በ2015 ክረምት ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጸበል በሄዱ ምእመናን መካከል ኮሌራ ገባ። ከእኛ ሰፈር አንድ ወጣት ከዚያ ተመልሶ መጣ፣ ደህና ነበር፣ ምንም አልነካውም። ሰዉ ግን ሸሸው። ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው፣ ደንበኞቹ ቀሩበት፣ እናቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ያነሱ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ! ኮሌራ አጠገብ በመቀመጥ አይተላለፍም። በተበከለ ውኃና ምግብ፣ ባልታጠበ እጅ ነው የሚገባው። ይህን የነገራቸው ሰው ቢኖር ልጁ ያን ያህል ባልተጎዳ ነበር። ፍርሃት ዕውቀት ሲያገኝ ይቀንሳል፣ እጅ የሚሠራው ነገር ሲያገኝ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ኦአርኤስ የሚባለው በውኃ የሚበጠበጥ የተቅማጥ ዱቄት ከሌለ ይህን እየሰጡ ታማሚውን ፈጥኖ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው። ይህን የምታውቅ እናት ሌሊት ልጇ ተቅማጥ ቢይዘው ትደነግጣለች፣ ግን እጇ አይያዝም።

ስሙም ነገር አለው። ለብዙ ዓመታት በአገራችን «ኮሌራ» ሳይባል «አተት»፣ ማለትም አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ሲባል ኖሯል። ባለሥልጣናቱ ሕዝብ እንዳይደነግጥ ብለው ይሆናል። ግን ሕዝቡ ያውቀው ነበር፣ የሚያውቀውን ነገር በሌላ ስም ሲጠሩበት ሌላ ምን ደብቀውኝ ይሆን ብሎ ነው የሚጨነቀው። እውነቱን በስሙ የነገሩት ሰው ይሰማል። ያልነገሩት ሰው ወሬ ያሳድዳል።

ወባ ደግሞ አለ። የቀድሞ ሰዎች ንዳድ የሚሉት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያኑ ከ2024 መግቢያ እስከ ጥቅምት 20 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙንና 1,157 ሰው መሞቱን መዝግቧል። ከኦሮሚያ ቀጥሎ ብዙ ታማሚ የነበረው በአማራ ክልል ነው። ለጣና ዳር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። አያቴ ደንቢያ ነው የተወለደችው። በ1950 ክረምትና በ1951 መባቻ የደረሰውን እልቂት እያለቀሰች ነበር የምታወራን። ያኔ ወባው ከ1,600 ሜትር በላይ ያለውን ደጋ ጭምር አዳርሶ በአገሪቱ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። ጣና ራሱ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አያቴ የምትለው ይህን ነው፦ «ያልጣለው ለጣለው ውኃ ያቀብል ነበር። ሲነሳ ደግሞ እሱ ተራውን ያቀብላል። የተረፍነው በውኃ ነው።» ውኃው ብቻ ይመስላችኋል? እኔ ልጅ ሆኜ ውኃው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያም በፊት፣ በ1911 የኅዳር በሽታ የተባለው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ሲገባ፣ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ ጥሎ ነበር። ዛሬ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ሰብስበን ስናቃጥል ጭሱ ከተማውን የሚሸፍነው የዚያ ማስታወሻ ነው፣ ኅዳር ሲታጠን። የጭሱን ጉዳት ሐኪሞች ይናገሩበት። እኔን የሚገርመኝ ከመቶ ዓመት በላይ ያ ፍርሃት በየዓመቱ ሁሉም ጎረቤት መጥረጊያ ይዞ በአንድ ላይ ወደሚወጣበት ቀን መለወጡ ነው። ልጆች እሳቱን ይዘላሉ። ያን ዘመን የኖረው ሕዝብ ሐዘኑን ለብቻው ተሸክሞ አልቀረም ማለት ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የጤና ቢሮም ይሁን ቀበሌ፣ ወረርሽኝ ሲመጣ የሚያወጡት መመሪያ «አትሰብሰቡ፣ ለቅሶ አትድረሱ» ብሎ ያቆማል። እሺ፣ አልደረስንም። ሐዘንተኛውስ? የዚያን ቀጣይ ዐረፍተ ነገር ማንም አይጽፈውም። ይህን ዐረፍተ ነገር መጻፍ ያለብን እኛ እድርተኞች ነን፣ ጤና ባለሙያዎች ደግሞ አብረውን ተቀምጠው ያርሙልን።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። ይህ በሽታ የሚዘጋው የትኛውን በር ነው? ኮሮና የሚዘጋው የትንፋሽን በር ነው፣ ስለዚህ የተዘጋ ቤት ውስጥ መታጎር ይቀራል፣ ሜዳ ላይ ተራርቆ መቀመጥ ግን ይቻላል፣ ሰዉ ከበዛ በየተራ ነው። ኮሌራ የሚዘጋው የማዕዱን በር ነው። ድንኳኑ ይጣላል፣ ሰዉ ይቀመጣል፣ የሚቀረው የለቅሶ ምግብና በአንድ ጣሳ መጠጣት ነው፣ እዝኑ በጥሬ ገንዘብ ይሁን፣ በሩ ላይ ውኃና ሳሙና ይቀመጥ፣ የሬሳውን አጠባ ደግሞ ለሠለጠነ ሰው መተው ነው። ወባ ሰው ከሰው አጠገብ በመቀመጥ አይይዝም፣ የትንኝዋን ነገር መጠንቀቅ ብቻ ነው፣ አመሻሹ ላይ ልብስ መደረብ፣ የሚያድረው ሰው አጎበር ሥር ይደር። በወባ ጊዜ ለቅሶ የሚቀርበት ምንም ምክንያት አልነበረም፣ ሆኖም ባለፈው ዓመት «በሽታ አለ» ተብሎ የቀሩ ሰዎች ስም መዝገቤ ላይ አለ። በሽታን ሁሉ እንደ ኮሮና ማየት ለምዶብን ነው።

ሁለተኛው የስልክ ጉዳይ ነው። እኛ አሁን አባላቱን በሦስት በሦስት ቤት ከፋፍለናል። አንድ ሰው ሦስት ቤት ይይዛል። ወረርሽኝ ሲታወጅ በሁለት ቀን አንዴ ይደውላል፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ብቻውን እንደሆነ፣ ማን መድኃኒቱ እንዳለቀበት ይጠይቃል። ኔትወርክ በማይኖርበት ጊዜስ? በእግር ሄዶ አጥር ላይ ቆሞ ይጣራል። እኛ አገር በኢንተርኔት ላይ ብቻ የተመሠረተ እቅድ እቅድ አይባልም፣ ይህን ባሕር ዳር ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደዋዩ ብዙ ማውራት አይጠበቅበትም። «ዛሬ ምን በላችሁ? ሌሊት እንቅልፍ ወሰዳችሁ?» ብሎ መስማት ይበቃል። ስለ በሽታው ጥያቄ ካላቸው ደግሞ ነጻውን የጤና መስመር 8335 ይንገራቸው።

ወሬን በተመለከተ ከራሴ የተማርኩትን ልበል። በኮሮናው ጊዜ በየቀኑ የሚወጣውን መግለጫ፣ ስንት ተመረመረ፣ ስንት ተገኘበት፣ ስንት ሞተ የሚለውን፣ ስጠብቅ ነበር የምውለው። ከዚያ ደግሞ ማታ በስልክ የሚመጣውን ወሬ ሁሉ አነባለሁ። እንቅልፌ ጠፋ። ልጄ ናት «አባዬ፣ በቀን አንዴ ብቻ እይ» ያለችኝ። አንዴ ብቻ ማየት ጀመርኩ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ በአባይ ድልድይ በኩል መራመድ። በሳምንቱ ልቤ ረጋ። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን የመተኛና የመነሻ ሰዓት መጠበቅ፣ መራመድ፣ ጸሎት በሰዓቱ ማድረስ፣ ወሬን በልክ መስማት ሰውን እንደ ምሰሶ ይዘው ያቆማሉ። ልጆችም ይህንኑ ነው የሚፈልጉት። ልጅ የሚፈራው አባቱ ሲፈራ ስላየ ነው፣ የሆነውን በቀላል ቃል ነግሮ ሥራ ሰጥቶ ማዋል ይሻላል። የእኔዋ የሳሙናው ኃላፊ ነበረች፣ ማንም ሳይታጠብ አያልፋትም።

አንድ ሰው ረስቼ እንዳልሄድ። ከእድራችን አባላት መካከል ነርስ አለች። ኮሮናው በበረታበት ጊዜ ታማሚዎቹ ጋ ነበር የምትሠራው። ማታ ስትመለስ ለብቻዋ ክፍል ታድራለች፣ ልጇን ለወራት አላቀፈችም። ሰፈሩ ደግሞ ከእሷ ልጅ ጋር እንዳትጫወት እያለ ልጆቹን ከለከለ። አከራይዋ ቤት ልቀቂ እስከ ማለት ደርሶ ነበር። አንድ ቀን መንገድ ላይ ከሩቅ ሰላም አልኳት፣ እንባዋ መጣ። «ሥራውንስ ለምጄዋለሁ፣ ሰው ሰላም ሲነሳኝ ነው የምወድቀው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሴቶች ተራ ገብተው እንጀራ በበሯ ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ፣ አንኳኩተው ወደ ኋላ ይላሉ፣ ስትወጣ ከሩቅ እጅ ይነሷታል። የዚህ ወጪ ከእድሩ ካዝና ስንት እንደሆነ መዝገቤ ላይ አለ፣ ለአንድ ድንኳን ኪራይ እንኳ አይሞላም። በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለውን ሰው መጀመሪያ ቀን ላይ እንፈልገው፣ ስድስተኛው ወር ላይ አይሁን።

እድራችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ በደንቡ ላይ የሚጨመር አንቀጽ አዘጋጅቷል። አጭር ነው፣ እንዳለ ልጻፈው፦ «ወረርሽኝ በሚኖርበት ጊዜ የእድሩ ኮሚቴ ከጤና ባለሙያ ጋር ተመካክሮ ለቅሶው በምን ዓይነት መልኩ እንደሚደረስ በሁለት ቀን ውስጥ ይወስናል። ለቅሶ በአካል መድረስ በማይቻልበት ጊዜ ሦስት የተመደቡ አባላት እስከ አርባው ድረስ ሐዘንተኛውን በስልክ ወይም በደጅ ቆመው ይጠይቃሉ። ይህን ያላደረገ አባል ለቅሶ እንደቀረ ተቆጥሮ ይቀጣል።» ስለ ቅጣቱ መጠን ገና አልተስማማንም። እኔ ከመደበኛው እጥፍ ይሁን ባይ ነኝ። አንዳንዶች በዛ ይላሉ።

ያቺ ጎረቤታችን ከሦስቱ ተመዳቢዎች አንዷ ሆና ስሟን ራሷ አስመዝግባለች።

ጋዜጣችሁን የሚያነቡ እድርተኞች በጎንደርም በደብረ ታቦርም በእንጅባራም ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁ። የእናንተ እድር በዚያ ጊዜ ምን አደረገ? ደንባችሁ ላይ የጻፋችሁት ነገር ካለ በዚሁ ገጽ ላኩልን፣ ጉባኤያችን ሳይደርስ ብናየው ይጠቅመናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ሰፈር እድር ጸሐፊ
ባሕር ዳር